መደበቅ እንደ ጨዋታ፣ ዝምታ እንደ መሣሪያ፦ የአንድ አስፈሪ ጌም ጥንካሬና ድክመት

አመሻሽ ላይ በአዳማ መንደሮችም ሆነ በሞጆና በመቂ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ልጆች ኩኩሉ ሲጫወቱ ማየት የተለመደ ነው። ዐይኑን የጨፈነው "ኩኩሉ" ይላል፤ የሚደበቁት "አልነጋም" ብለው ይመልሳሉ፤ ሁሉም ቦታውን ሲይዝ "ነጋ" ይባልና ፍለጋው ይጀመራል። የተደበቀው ልጅ ልቡ የሚመታው ፈላጊው ሩቅ ሳለ አይደለም፤ ኮቴው ቀርቦ ትንፋሽን መዋጥ ግድ ሲሆን ነው።

ተደብቆ በመትረፍ ላይ የተመሠረቱት አስፈሪ የቪዲዮ ጌሞች የሚሠሩት ከዚሁ ስሜት ነው። ከእነዚህ መካከል ስሙ በስፋት የሚነሳው "ኤሊየን አይሶሌሽን" ሲሆን፣ የእንግሊዙ ክሪኤቲቭ አሴምብሊ ሠርቶት ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ለገበያ አቅርቦታል። መነሻው ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1979 ያዘጋጀው "ኤሊየን" የተሰኘ ፊልም ነው። ተጫዋቹ አማንዳ ሪፕሊ የተባለች መሐንዲስ ሆኖ፣ እናቷ የደረሰችበትን ለማወቅ ሴቫስቶፖል ወደተባለ የጠፈር ጣቢያ ይገባል። በጣቢያው ውስጥ ግን ማንም ሊገድለው የማይችል አውሬ ይዘዋወራል።

ጥንካሬው

የጌሙ ቀዳሚ ብርታት ተጫዋቹን አቅመ ቢስ ማድረጉ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ በሠራው "ኩኩሉ" በተሰኘ የስልክ ጌም ዶሮዋ ከገበሬው የምታመልጠው በመሮጥ ነው። በኤሊየን አይሶሌሽን ግን የሩጫ ኮቴ አውሬውን ይጠራል። የሚያዋጣው በዝግታ መራመድ፣ ጠረጴዛ ሥር መግባት ወይም በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ትንፋሽን ይዞ መቆየት ነው። በኋላ የሚገኘው እሳት የሚተፋ መሣሪያም አውሬውን ለጊዜው ያባርረዋል እንጂ አይገድለውም።

ሁለተኛው ብርታት አውሬው የሚመራበት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ክፍል ተጫዋቹ ያለበትን ሁልጊዜ ያውቃል፤ ለአውሬው ግን የሚጠቁመው አካባቢውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ክፍል አውሬው ራሱ ሲሆን፣ የቀረውን በዐይኑና በጆሮው ይፈልጋል። ፍርሃቱ ከልክ ሲያልፍ የመጀመሪያው ክፍል አውሬውን ገለል ያደርገዋል። ስለዚህ አውሬው በተወሰነ መስመር አይመላለስም፤ መንገዱን በቃል ማጥናትም አይቻልም።

ሦስተኛው ድምፁ ነው። ሌሊት በረቱን የሚጠብቅ ገበሬ ጅቡን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል፤ በየት በኩል እንዳለም በጆሮው ይለያል። ተጫዋቹም አውሬው በጣሪያው ሲያልፍ ወይም ወለል ላይ ሲወርድ የሚያውቀው በድምፅ ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዙን የባፍታ ሽልማት በድምፅ ዘርፍ ያሸነፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲያውም በፕሌይስቴሽን 4 ካሜራው ከተገጠመ ተጫዋቹ በክፍሉ የሚያሰማው እውነተኛ ድምፅ አውሬውን ሊስብ ይችላል።

ድክመቱ

የጌሙ ድክመት የሚመነጨው ከዚያው ከብርታቱ ነው። ታሪኩን ለመጨረስ ከ15 እስከ 20 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ፍርሃት ደግሞ እንደ በርበሬ ነው፤ ሲበዛ ምላስ ያደነዝዛል። ተጫዋቹ ለሃያኛ ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲደበቅ፣ መጀመሪያ ያስደነገጠው ነገር አሰልቺ ሥራ ይሆንበታል። በጣቢያው የሚያጋጥሙት ሰዎችም ከአውሬው ጋር ሲነጻጸሩ ደብዛዛ ናቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው የደረሱበትን የማስቀመጥ ጉዳይ ነው። ጨዋታውን ሴቭ ማድረግ የሚቻለው አልፎ አልፎ በሚገኙ መሣሪያዎች ብቻ ነው። እዚያ ሳይደርስ የተያዘ ሰው የለፋበትን ሁሉ አጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ፍርሃቱን እውነተኛ ያደርገዋል፤ የሚጠፋ ነገር አለና። ነገር ግን በሰዓት እየተከፈለ በሚጫወቱበት ጌም ቤት ውስጥ የሚጠፋው ገንዘብ ጭምር ነው። መብራት ድንገት ሲቋረጥም ውጤቱ ያው ነው። የጌም ቤት ጫጫታ ደግሞ የጌሙን ዋና ሀብት፣ ድምፁን፣ ይቀማዋል። በከተሞቹ ጌም ቤቶች ቶሎ የሚያልቀው የእግር ኳስ ጌም ቢመረጥ አያስገርምም።

ሐያስያንም በዚሁ ተለያይተዋል። ፒሲ ጌመር ከ100 93 ሲሰጠው፣ አይጂኤን ግን ከ10 5.9 ብቻ ሰጥቶታል። አንዱ ትዕግሥትን የሚክስ ፈተና ያየበትን፣ ሌላው ድግግሞሽ አይቶበታል።

ለቤተሰብ የሚጠቅም ነጥብ

ጌሙ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ለእጅ ስልክም ቀርቧል። በነጻ የሚሰጥ አይደለም፤ በስልኩ ላይም ከ10 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከመግዛት በፊት የስልኩን አቅምና የኢንተርኔት ጥቅሉን ማስላት ያሻል።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን ዕድሜ ነው። በአውሮፓ የጌሞች ምደባ መሠረት ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብቻ የተፈቀደ ነው። መደበቅና መፈለግ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም፣ እዚህ የተያዘ ሰው የሚጠብቀው ዘግናኝ ሞት ነው። በኩኩሉ የተያዘ ልጅ ስቆ ዐይኑን ይጨፍንና ተራውን ይፈልጋል። ስልኩ ላይ ብቻውን የሚደበቅ ልጅ ግን ፍርሃቱን የሚያካፍለው ጓደኛ አጠገቡ የለም። ወላጅ ልጁ የሚጫወተውን ጌም ስም መጠየቅና ለጥቂት ደቂቃ አብሮት ተቀምጦ ማየት ያለበትም ለዚህ ነው።