ገለል ያለ ሁሉ ገለልተኛ አይደለም

ጎረቤት ተጣልቶ ሲጯጯህ በሩን ዘግቶ «እኔ ገለልተኛ ነኝ» የሚል ሰው ሞልቷል። ብዙ ጊዜ ለማለት የፈለገው «ምን አገባኝ» ነው፤ ገለልተኛ መባል ግን ያምራል፣ ያስከብራልም። በእርግጥ ቃሉ ራሱ ያሳስታል፤ የወጣው «ገለል አለ» ከሚለው ነውና።

ተረት፦ ገለልተኛ ማለት ነገሩ የማያገባው፣ አፉን የዘጋ ሰው ነው።

እውነታ፦ ገለል የሚደረገው ጥቅም፣ ዝምድናና ቂም ነው። ለሽምግልና የተቀመጠን ሰው እንመልከት። ካንዱ ወገን ጋር ዝምድና ካለው ቀድሞ ተናግሮ ይነሳል፤ በፍርድ ቤትም ተከራካሪ «ዳኛው ከችሎት ይነሱልኝ» ብሎ የሚያመለክተው በዚሁ ምክንያት ነው። የቀረው ሽማግሌ ሁለቱንም ይሰማል፣ «ያን ዕለት ማን ነበረ?» እያለ ያፋጥጣል፣ በመጨረሻም «ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ካስ» ይላል። ወገን ሳይዝ ፈረደ እንጂ ሳይፈርድ አልቀረም። በሚያንቀላፋ ዳኛ ፊት መቆም ማንም አይመኝም፣ እንቅልፍ ለማንም ባያዳላም።

በጦር ሜዳም እንዲሁ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ሲወር የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪሞች በደቡብ ግንባር፣ ዶሎ አካባቢ መልካ ዲዳ ላይ ድንኳን ተክለው ቁስለኛ ያክሙ ነበር። በታኅሣሥ ወር የጣሊያን አውሮፕላኖች ያን ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡት። እነዚህ ሐኪሞች በጦርነቱ ገለልተኛ ነበሩ። ገለልተኝነት ዳር መቀመጥ ቢሆን ኖሮ ስዊድን በቀሩ ነበር።

ተረት፦ አለማዳላት ለሁሉም እኩል ማካፈል ነው።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ1965 ቪየና ላይ የታወጁት ሰባቱ የቀይ መስቀል መርሆዎች አለማዳላትንና ገለልተኝነትን ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ገለልተኝነት ከተፋላሚዎቹ ወገን አለመያዝ ነው። አለማዳላት ደግሞ ዘር፣ ሃይማኖትና የፖለቲካ አመለካከት ሳይለዩ መርዳት፣ ቅድሚያውን ግን ለባሰበት መስጠት ነው። አንዱ ጉልበቱ ተልጦ፣ ሌላው ደሙ እየፈሰሰ ቢመጡ አንዱን ፋሻ ለሁለት መቅደድ አለማዳላት አይባልም።

ተረት፦ ግዴለሽ፣ ደንታ ቢስ፣ ቸልተኛ፤ ያው አንድ ናቸው።

እውነታ፦ በስድብ ላይ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። «ግድ» ግን ጉደኛ ቃል ነው። «ግድ ነው» ካልን ማምለጫ የለም፤ «ግዴታ» ከዚያው ቤት ነው። «ግዴለም» ሲሆን ያባብላል፤ ብርጭቆ የሰበረን ልጅ እናቱ «ግዴለም፣ አንተ ብቻ አልተጎዳህም?» ትለዋለች። ሻይ ይምጣልህ የተባለ እንግዳም «አይ፣ ግዴለም» ብሎ በጨዋ ደንብ ይመልሳል። በዚሁ ቃል ጫፍ ላይ «ም» በ«ሽ» ሲተካ ወቀሳ ይሆናል። ልጁን ያባበለችው እናት ግዴለሽ አይደለችም፤ የገደዳት ከብርጭቆው ይልቅ የልጁ እጅ ነበር።

የግዴለሽና የቸልተኛ ልዩነት ወንጀል ችሎት ሲደርስ እስከ እስር ያደርሳል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት ቸልተኛ የሚባለው ማሰብ እያለበት ያላሰበ፣ ወይም መዘዙን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ያደረገ ሰው ነው፤ በቸልተኝነት የሚያስቀጣውም ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የገባበት ሰው ግን በአንቀጽ 58 ሥር ይወድቃል፤ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ወንጀል አሳብ ነው። ግዴለሽነቱ እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ጉዳቱን ባይመኘውም ሕጉ አስቦ እንዳደረገው ይቆጥርበታል።