ድንጋዩና ዘሩ፦ «ባለ ድንጋይ ፍሬ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



ከሐሙሲት ገበያ ኮክ ገዝቶ የበላ ሰው መጨረሻ ላይ የሚተፋውን ጠጣር ነገር «ፍሬ» ይለዋል። በአማርኛ ፍሬ የሚበላውም ነው፤ የሚዘራውም ነው። ከኮክ የሚተፋው ግን ዘር አይደለም፤ ዘሩን የያዘ ሣጥን ነው።

አበባዋ ከፀነሰች በኋላ የማሕፀኗ ግድግዳ በሦስት ንብርብር ያድጋል። ውጩ ልጣጭ፣ መካከሉ ሥጋ ይሆናል፤ ውስጠኛው ደግሞ እንደ እንጨት ጠንክሮ ድንጋይ ይሆናል። ዘሩ የሚገኘው ይህ ድንጋይ ሲሰበር ነው። የዕፀዋት ሳይንስ «ድሩፕ» የሚለው እንዲህ ያለውን ፍሬ ነው። በዚህ መለኪያ ማንጎ፣ ወይራ፣ ቁርቁራ፣ በየማሳችን መካከል የሚቆመው ዋንዛ እንኳ የሚያፈሩት ድሩፕ ነው። አቮካዶ ግን ዘሩ ትልቅ ቢሆንም በድንጋይ ስላልታጠረ ከእነዚህ አይቆጠርም።

ነጋዴውና አትክልተኛው ቃሉን ያጠቡታል። «ባለ ድንጋይ ፍራፍሬ» ሲሉ የፕሩነስን ወገን ማለታቸው ነው፤ ኮክ፣ ፕሪም፣ አፕሪኮትና ቼሪ። ማንጎን አይጨምሩም። ለውዝም (ለኦቾሎኒ ስሙን የሰጠንበት ሳይሆን የመጽሐፍ ቅዱሱ ለውዝ) የዚሁ ወገን ነው፤ ነገር ግን ሥጋውን ጥለን ዘሩን ስለምንበላ በገበያ ከእነዚህ ጋር አይመደብም።

ጉዳዩ የስም አወጣጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ተማሪ ሳለሁ የኮክ ድንጋይ ተክዬ በሁለት ወር ስላልበቀለ «ዘሩ ሞቷል» ብዬ ጻፍሁ። መምህሬ «ዘሩን አይተኸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ድንጋዩን አልሰበርሁም ነበርና መልስ አጣሁ። የኮክ ዘር ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ያህል እርጥበትና ብርድ ካላገኘ ከእንቅልፉ አይነቃም። እኔ የጻፍሁት እንቅልፉን እንደ ሞት ቆጥሬ ነበር።

የደጋ ደኖቻችን ጥቁር እንጨት ደግሞ የዚያው የፕሩነስ ወገን ሆኖ ጠባዩ ሌላ ነው። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚፈለግ፣ ከ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይቴስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ዘሩ ግን ደርቆ ከቆየ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። እንደ ኮኩ ይተኛል ብሎ ለከርሞ ያስቀመጠው ሰው በእውነት የሞተ ዘር ይዘራል።

ስለዚህ ወደ ችግኝ ጣቢያ የምትሄዱ ተማሪዎች መዝገባችሁ ላይ «ፍሬ ተዘራ» ብላችሁ አትለፉ። ድንጋዩን ይሁን የተፈለቀቀውን ዘር፣ መቼ እንደተለቀመና ስንት ቀን እንደቆየ ጻፉ።