ጦርነትን የሸሹ ልጆች የጦርነት ካርቱን ሲያዩ፦ ወላጆች ስለ ‘አቫታር’ ሊያውቁት የሚገባ

በመጠለያ ጣቢያ ለሚያድግ ልጅ ቀኑ ረጅም ነው። ትምህርት ሲቋረጥ ወይም በግማሽ ቀን ሲያበቃ፣ ውኃው ተቀድቶ እንጨቱ ሲለቀም፣ የቀረውን ሰዓት ከሚሞሉት ነገሮች አንዱ የአዋቂ ሰው የእጅ ስልክ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ስፍራ እንኳ በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ የሚገለበጥ ፊልም አይጠፋም። ሥራ የበዛበት ወላጅም ‘ካርቱን ነው’ ብሎ ስልኩን ይሰጣል።

‘አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር’ የተሰኘው ተከታታይ የአኒሜሽን ፊልም ግን ‘ካርቱን ነው’ ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ለልጆች የተሠራ፣ ሳቅ የበዛበትና በብዙ አገሮች የተወደደ የምናብ ጀብዱ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩ የተገነባው በተቃጠሉ መንደሮች፣ በተገደለች እናት እና ቀያቸውን ጥለው በሚሰደዱ ሰዎች ላይ ነው። በሌላ አገር ላለ ልጅ ይህ ሁሉ ምናብ ነው፤ በምሥራቅ ሱዳን ኡም ራኩባ ላለ ልጅ ግን ትዝታ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ወላጆች ይህንን ፊልም መከልከል አለባቸው? ወይስ መፍቀድ?

ኡም ራኩባ፦ ሁለት ትውልድ የተጠለለበት ስፍራ

‘ራኩባ’ በሱዳን አረብኛ ከእንጨትና ከሳር የሚሠራ ዳስ መጠሪያ ነው። በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ኡም ራኩባ ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ከረሃብና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን፣ ወደ እስራኤል ለመሻገር የወጡ ቤተ እስራኤላውያንን ጨምሮ፣ በዚሁ ስፍራ ተጠልለው ነበር።

ከአሥርተ ዓመታት በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ መጠለያው ዳግም ተከፈተ። በዚያ ጦርነት ሳቢያ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፤ ብዙዎቹ የተከዜን ወንዝ ተሻግረው ነው የደረሱት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳን ራሷ ወደ ጦርነት ገባች።

ስለዚህ በአንድ ዳስ ውስጥ አብረው ስልክ የሚያዩ ወንድማማቾች የተለያየ ታሪክ ሊኖራቸው ይችላል። ታላቁ ጦርነትን በዓይኑ አይቶ በእግሩ የሸሸ ሊሆን ይችላል። ታናሹ ደግሞ በመጠለያው ተወልዶ ስለ ጦርነት የሚያውቀው አዋቂዎች ሲያወሩ በመስማት ብቻ ይሆናል። አንዱን ያሳቀው ትዕይንት ሌላውን ሊያስደነግጠው ይችላል።

ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?

‘አቫታር’ የተፈጠረው በአሜሪካውያኑ ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖ እና ብራያን ኮኒዬትስኮ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ ከ2005 እስከ 2008 በኒክሎዲዮን ጣቢያ ተላልፏል። ‘ውኃ’፣ ‘መሬት’ እና ‘እሳት’ በተሰኙ ሦስት ምዕራፎች የተከፈለ ሲሆን በአጠቃላይ 61 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል ከ20 ደቂቃ ጥቂት ያልፋል።

የታሪኩ ዓለም በአራት ሕዝቦች የተከፈለ ነው፦ የውኃ፣ የመሬት፣ የእሳት እና የአየር። ‘አራቱ ባሕርያተ ሥጋ’ የሚለውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አከፋፈሉ እንግዳ አይሆንበትም። ከየሕዝቡ አንዳንድ ሰዎች የየራሳቸውን ባሕርይ የማዘዝ ኃይል አላቸው፤ ‘አቫታር’ የሚባለው ግን አራቱንም ማዘዝ የሚችል አንድ ሰው ነው።

የእሳት ሕዝብ መሪዎች ዓለምን ለመግዛት ጦርነት ካወጁ 100 ዓመት ሞልቷቸዋል። የ12 ዓመቱ ልጅ አንግ በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ ከኖረ በኋላ ሲነቃ ሕዝቡ በሙሉ ተጨፍጭፎ አልቋል፤ የተረፈው እርሱ ብቻ ነው። ያገኙት ካታራ እና ሶካ የተባሉ እህትና ወንድም እናታቸው በጦርነቱ ተገድላለች፤ አባታቸው ዘምቷል። ዓይነ ስውሯ ቶፍ ከጊዜ በኋላ ትቀላቀላቸዋለች። የእሳት ሕዝብ አልጋ ወራሽ የሆነው ዙኮ ደግሞ ገና በልጅነቱ በገዛ አባቱ ፊቱ ተቃጥሎ የተባረረ ነው።

ፊልሙ ደም እምብዛም አያሳይም፤ አብዛኛው ሞት ከትዕይንቱ ውጭ የሚፈጸም ነው። ለልጆች ፊልሞች ላቅ ያለ ሥራ ተብሎም ፒቦዲ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል።

‘ከ7 ዓመት በላይ’ ማለት ለማን ነው?

በአሜሪካ የቴሌቪዥን ምደባ ተከታታዩ 7 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ይስማማል ተብሏል። ይህ ምደባ ግን የእሳት ቃጠሎን በፊልም ብቻ የሚያውቅ ልጅን ታሳቢ ያደረገ ነው። ቤት ሲቃጠል ላየ ልጅ ዕድሜው ብቻውን መለኪያ አይሆንም።

ሌላው የሚዘነጋ ጉዳይ ቋንቋ ነው። ፊልሙ የተሠራው በእንግሊዝኛ ነው። በቤቱ ትግርኛ ወይም አማርኛ፣ በሰፈሩ አረብኛ የሚሰማ ልጅ ንግግሩን ላይረዳው ይችላል። ‘አቫታር’ ደግሞ የሚያጽናናው በንግግር፣ የሚያስፈራው በምስል ነው። እሳቱና ሽሽቱ ያለ ቃል ይገባሉ፤ ይቅርታው፣ ቀልዱና ምክሩ ግን በቃል ውስጥ ስላሉ ያመልጣሉ። ንግግሩን ያልሰማ ልጅ ከፊልሙ የሚወስደው የጦርነቱን ግማሽ ብቻ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ክፍሎች

ሁሉንም ክፍሎች አስቀድሞ ማየት ለማይችል ወላጅ ቢያንስ የሚከተሉትን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

በመጀመሪያው ምዕራፍ 3ኛ ክፍል አንግ ወደ ተወለደበት ስፍራ ተመልሶ የመምህሩን አፅም ያገኛል። ከስደት በኋላ የቤተሰብ አባል መሞቱን ለሰማ ልጅ ይህ ከባድ ትዕይንት ነው። በ10ኛው ክፍል ጄት የተባለ ወላጆቹ የተገደሉበት ታዳጊ ለበቀል ሲል ንጹሐን ያሉበትን መንደር በጎርፍ ለማጥፋት ያሴራል። 12ኛው ክፍል የዙኮ ፊት እንዴት እንደተቃጠለ ይተርካል።

በሁለተኛው ምዕራፍ 12ኛ ክፍል ስደተኞች በመርከብ ለመሻገር ተሰልፈው፣ ወረቀት የላችሁም ተብለው ሲጉላሉ ይታያል። በዚያው ጉዞ ላይ አንዲት ስደተኛ እናት ልጅ ትወልዳለች፤ ስሟንም ‘ተስፋ’ ብለው ያወጡላታል። በ14ኛው ክፍል ስደተኞቹ የደረሱባት ባለ ግንብ ከተማ ድሆችን በዳርቻዋ ታሰፍራለች፤ ስለ ጦርነቱ ማውራትም የተከለከለ ነው። በ16ኛው ክፍል የአንግ ተወዳጅ እንስሳ ተይዛ ትሰቃያለች፤ ትንንሽ ልጆችን ብዙ ጊዜ የሚያስለቅሰው ይህ ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ 8ኛ ክፍል አንዲት አሮጊት የሰዎችን ደም በማዘዝ ሰውነታቸውን ከፈቃዳቸው ውጭ ታንቀሳቅሳለች። ከ61ዱ ክፍሎች እጅግ አስፈሪው ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ለትንንሽ ልጆች ቢዘለል ታሪኩ አይጎድልም።

በተጨማሪም ወላጆች ስሞቹን እንዳያምታቱ ያስፈልጋል። ኔትፍሊክስ እንደ አውሮፓውያኑ በ2024 በእውነተኛ ተዋንያን የሠራው በተመሳሳይ ስም የሚጠራ ተከታታይ ከ14 ዓመት በላይ ላሉ ታዳጊዎች የተመደበ ሲሆን ሰዎች ሲቃጠሉም ያሳያል። ጄምስ ካሜሮን የሠራው ‘አቫታር’ የተሰኘው ፊልም ደግሞ ከዚህ ታሪክ ጋር ግንኙነት የለውም።

ከእምነት አንጻር

በታሪኩ አቫታር ሞቶ በሌላ አካል ዳግም ይወለዳል፤ ከመናፍስት ጋርም ይነጋገራል። እነዚህ ሐሳቦች ከእስያ እምነቶችና ፍልስፍናዎች የተወሰዱ ናቸው። ከክርስትናም ሆነ ከእስልምና ትምህርት ጋር ስለማይጣጣሙ አንዳንድ ወላጆችን ሊያሳስቡ ይችላሉ።

ፊልሙ እምነት አይሰብክም፤ ቢሆንም ልጅ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ሲመጣ ‘ይህ የታሪኩ ሰዎች እምነት ነው፤ እኛ የምናምነው ደግሞ እንዲህ ነው’ ብሎ በአጭሩ ማስረዳት ከመቆጣት ይሻላል።

ይህን ሁሉ አልፎ ለምን ይታያል?

ምክንያቱም ይህ ተከታታይ ስለ ጦርነት ለልጆች የሚናገረው እንደ ብዙዎቹ የጀብዱ ፊልሞች አይደለም። በብዙዎቹ ጠላት ይሸነፋል፣ ታሪኩም ያበቃል። በ‘አቫታር’ ግን ጦርነት በሰው ውስጥ የሚተወው ነገር ይታያል።

አንግ የጠላት አገር ትምህርት ቤት ገብቶ እንደ እርሱ መጫወት የሚወዱ ልጆችን ያገኛል። ጄት በደረሰበት በደል ምክንያት በቀል ሲፈልግ ፊልሙ ሐዘኑን ያከብራል፤ ድርጊቱን ግን አያጸድቅም። በሦስተኛው ምዕራፍ 16ኛ ክፍል ካታራ የእናቷን ገዳይ ፈልጋ ታገኘዋለች። ልትገድለው ስትችል ትተወዋለች፤ ይቅርታ ግን አታደርግለትም። በደል የደረሰበት ልጅ ‘ይቅር ካላልክ ጥሩ ልጅ አይደለህም’ አለመባሉ፣ ሆኖም ገዳይ መሆን እንደሌለበት መነገሩ፣ ለልጆች በሚሠሩ ፊልሞች እምብዛም የማይገኝ ነው።

ወላጆቻቸውን ወይም ዘመዶቻቸውን ያጡ ልጆች ባሉበት መጠለያ ይህ ዓይነቱ ታሪክ ለንግግር በር ሊከፍት ይችላል። ‘አንተ ምን ተሰማህ?’ ተብሎ ሲጠየቅ ዝም የሚል ልጅ ‘ካታራ ምን የተሰማት ይመስልሃል?’ ቢባል ሊመልስ ይችላል።

እንደ ተረት አብሮ ማየት

የእኛም ተረቶች አስፈሪ ነበሩ። አያ ጅቦ አህያዋን ሲበላ፣ የእንጀራ እናት ልጅን ስታባርር እየሰማን ነው ያደግነው። ነገር ግን ‘ተረት ተረት’ ብላ የምትጀምረው አያት የልጁን ፊት ታያለች። ሲፈራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ ታስቀዋለች፣ ወይም ‘የቀረውን ነገ’ ትላለች። ስልክ ይህን ማድረግ አይችልም። ከፊልሙ የጎደለው ተራኪው ነው፤ ያንን ቦታ መያዝ ያለበት ወላጅ፣ አያት ወይም ታላቅ ወንድምና እህት ነው።

በተግባር ይህ ማለት በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ብቻ ማየት፣ እንግሊዝኛ የሚገባው የቤተሰብ አባል ካለ ንግግሩን በልጁ ቋንቋ እንዲያስረዳ ማድረግ፣ እንዲሁም ከመኝታ ሰዓት በፊት አለማሳየት ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ታናናሾቹን ይዞ እንዲያይ ከመተው በፊት ለእርሱም የተደበቀ ሕመም ሊኖርበት እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያኑ በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጨርሶ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፉ ይመክራል።

ማቆም የሚገባው መቼ ነው?

ልጅ ፈርቶ በእናቱ ልብስ መጠቅለሉ ወይም ‘ቀጥሎ ምን ይሆናል?’ ብሎ መጨነቁ የተለመደ ነው። ጨዋታው ጦርነት ጦርነት መሆኑም ብቻውን አደጋ አይደለም፤ ልጆች ያዩትን የሚያሰላስሉት በጨዋታ ነው።

ነገር ግን ካየ በኋላ ባሉት ቀናት በእንቅልፉ የሚጮኽ፣ ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት የተመለሰበት፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚበረግግ፣ ከወላጁ ጉያ አልላቀቅ የሚል ወይም ጨርሶ ዝምተኛ የሆነ ልጅ ካለ ፊልሙን ማቆም ይገባል። ምልክቶቹ ለሳምንታት ከቀጠሉ በመጠለያው የጤና ጣቢያ ወይም በልጆች ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ማማከር ያስፈልጋል። ልጁን መቆጣት ወይም በፈሪነቱ መሳቅ ችግሩን ያባብሰዋል።

ሌሎች አማራጮች

ለትንንሾቹ ልጆች ‘ፀሐይ መማር ትወዳለች’ የተሻለ መጀመሪያ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የመሠረተችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የሚያዘጋጀው ይህ ፕሮግራም፣ ፀሐይ የተባለች የቀጭኔ አሻንጉሊትን ይዞ እንደ አውሮፓውያኑ ከ2006 ጀምሮ በአማርኛ ቀርቧል።

ይኸው ተቋም ‘ጥበብ ገርልስ’ የተሰኘ የአኒሜሽን ተከታታይም አለው። ፍቅር፣ ፍትሕ እና ትዕግሥት የተባሉ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች እንደ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ያሉ ጎጂ ድርጊቶችን ሲታገሉ ያሳያል። ወደ ጉርምስና ለተጠጉ ልጆች ይስማማል፤ ቋንቋው ስለሚገባቸውም ምስሉና ቃሉ አብረው ይደርሷቸዋል።

አረብኛ ለለመዱ ሕፃናት ደግሞ ‘አህላን ሲምሲም’ አለ። በሶሪያ ጦርነት ለተፈናቀሉ ልጆች ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን ፍርሃትን፣ ንዴትንና ብቸኝነትን በስማቸው መጥራትን ያስተምራል።

ለ‘አቫታር’ ግን መልሱ መከልከልም በጅምላ መፍቀድም አይደለም። ወላጅ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሦስት ክፍሎች ብቻውን ቢያይ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍበትም። ከዚያ በኋላ ልጁን ስለሚያውቀው ይወስናል፤ ከፈቀደም አጠገቡ ይቀመጣል።