እንዴት ይሠራል? ለባሩድ ክብሪቱ ባሩድ

ቀጭ፣ ፍስ፣ ድው።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በዊሊያምስበርግ ከተማ፣ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ልብስ የለበሱ ሰዎች በዚያው ዘመን ዓይነት ጠመንጃ ሲተኩሱ ጆሮውን የሰጠ ሰው እነዚህን ሦስት ድምፆች ይለያል። «ቀጭ» ድንጋይ ብረት ሲመታ ነው። «ድው» ከአፈሙዝ የሚወጣው ነው። የዛሬው ወጋችን ስለ መካከለኛዋ፣ ስለ «ፍስ» ነው።

ባለ ባልጩት ጠመንጃ ቀለህ የለውም። ባሩዱም አረሩም የሚጎርሱት በአፈሙዙ በኩል ነው። ታዲያ እዚያ ግርጌ ታፍኖ የተኛውን ባሩድ ማን ይለኩሰው? ከግርጌው ትይዩ በጠመንጃው ጎን ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ብረት አለች፤ የማንኪያ ጫፍ ትመስላለች። አጠገቧ ወፍራም መርፌ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጎድጓዳዋ ላይ አንድ ቁንጥር ባሩድ ተደርጎ ይከደናል። መለኮሻው ይኸው ነው፤ «ፍስ» የሚለውም እሱ ነው።

ቃታው ሲሳብ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ይወነጨፍና ክዳኑ ላይ የቆመውን ብረት ፍቆት ይወርዳል፤ በዚያው ምት ክዳኑ ይከፈታል። ብልጭታው ከድንጋዩ የሚወጣ ይመስላል፤ የሚነደው ግን ብረቱ ነው። ስለታሙ ባልጩት ከብረቱ ላይ ደቃቅ ቅርፍት ይልጣል፣ ቅርፍቱ በፍትጊያው ግሎ አየር ላይ ይቀጣጠላል፣ እየነደደም ጎድጓዳዋ ላይ ይረግፋል። ባልጩቱ ከደነዘዘ ቅርፍት የለም፤ ቅርፍት ከሌለ እሳት የለም።

ምድጃ አያይዞ የሚያውቅ ሰው የቀረው አይቸግረውም። ግንድ በክብሪት አይያያዝም፤ መጀመሪያ ጭራሮ ይፈልጋል። ጭራሮውም ግንዱም እንጨት ናቸው፤ ልዩነቱ ውፍረት ነው። ባሩድም እንደዚያው ነው። መለኮሻውም ዋናውም ሶልትፒተር ከሚባል ጨው፣ ከከሰልና ከድኝ የተሠሩ ናቸው፤ የመለኮሻው ቅንጣት ግን ደቃቅ ስለሆነ በትንሽ ብልጭታ ቶሎ ይያዛል። አሜሪካኖች የባሩዳቸውን ቅንጣት በኤፍ ፊደል ይቆጥራሉ፤ ኤፉ በበዛ ቁጥር ቅንጣቱ ይደቃል። ለመለኮሻ የሚመረጠው ባለ አራት ኤፍ ሲሆን ቅንጣቱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም።

«እንዲህ ከሆነ ለምን እንደ ጤፍ ዱቄት አይልምም?» ያለ ሰው ጥሩ ጠይቋል። የመጀመሪያዎቹ ባሩዶች ዱቄት ነበሩ፤ ችግራቸውም እሱ ነበር። ዱቄት ሲጠቀጠቅ በመሃሉ ክፍተት አይኖርም፤ እሳቱ ከላይ ወደ ታች እየላሰ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቅንጬ ግን በፍሬና በፍሬ መካከል ክፍተት አለው፤ ነበልባሉ በዚያ ሾልኮ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያዳርሳል። ስለዚህ ባሩድ ሠሪዎች ዱቄቱን አርጥበው፣ ጨምቀው፣ ከዚያ ሰባብረው በወንፊት መለየት ያዙ።

የቀዳዳዋም ምሥጢር ይኸው ነው። ጀማሪ እሳቱ እንዲደርስለት ብሎ ቀዳዳዋን በባሩድ ይደፍናታል። የተደፈነች ቀዳዳ ግን እንደ ፈትል ከጫፍ ጫፍ እስክትነድ ታስጠብቃለች፤ ክፍት ከሆነች ነበልባሉ ዘሎ ይገባል። የዘመኑ ወታደሮች ቀዳዳውን የሚጠርጉበት ቀጭን ሽቦና ጎድጓዳዋን የሚያጸዱበት ትንሽ ብሩሽ በሰንሰለት አንጠልጥለው ይዞሩ የነበረው ለዚህ ነው። ቀዳዳዋ ከተዘጋች መለኮሻው ነዶ ዋናው ዝም ይላል፦ ብልጭ ድርግም፣ ከዚያ ጭስ ብቻ።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። የነደደ ባሩድ የሚተወው ጥላሸት ክረምት ላይ በገል እንደተቀመጠ ጨው ውኃ ይስባል። ተኩሶ ሳይወለውል አዲስ መለኮሻ ያደረገ ሰው ደረቁን ባሩድ ጭቃ ላይ እንዳፈሰሰው ነው። ጭጋግ ሲሆን ወታደሩ የቆየውን መለኮሻ ደፍቶ ይለውጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቅባት የጠጣ ቆዳ ያለብሰዋል።

ባሩድ ማድቀቅ ግን የወጥ ቤት ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1802 ዱ ፖንት የተባለ ባሩድ ሠሪ በአሜሪካ ዴላዌር ብራንዲዋይን ወንዝ ዳር ያቋቋመው የባሩድ ወፍጮ ሦስቱ ግድግዳዎቹ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነበሩ፤ ወደ ወንዙ የሚያየው ወገንና ጣሪያው ግን ቀላል ሥራ ነበር። ወፍጮው የፈነዳ እንደሆነ ፍንዳታው በዚያ በኩል ወደ ውኃው እንዲወጣ ነው። ፍንዳታን አስቀድሞ በግንቡ ልክ ያሰበ ሙያ ሙቀጫና ዘነዘና አይደፍረውም።

የ«ፍስ» ዘመን መዝጊያው አንድ የስኮትላንድ ቄስ ናቸው። አሌክሳንደር ፎርሳይት አደን ይወዱ ነበር። ወፎቹ ግን የመለኮሻዋን ብልጭታ አይተው አረሩ ሳይደርስ ያመልጧቸዋል። ቄሱ ብልጭታ ሳያስፈልገው በምት የሚፈነዳ ውሕድ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1807 የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ጎድጓዳዋም ክዳኗም ባልጩቱም ቀስ በቀስ ከጠመንጃ ላይ ወረዱ።

ለወፉ የቀረለት ቀጭ ድው ብቻ ሆነ።