ኩባንያው ቴክሳስ ገባ፤ ግብሩስ?

ኦራክል በ2020፣ ቴስላ ደግሞ በ2021 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ከካሊፎርኒያ ወደ ቴክሳሷ ኦስቲን እንደሚያዛውሩ ሲያስታውቁ፣ የካሊፎርኒያ ካዝና ሊራቆት ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። እኔ ግን ነገሩን ያወሳሰበው የኩባንያውን ግብርና የሠራተኛውን ግብር አንድ አድርጎ ማየት ይመስለኛል።

ካሊፎርኒያ ከ2013 ጀምሮ በተለያዩ ግዛቶች የሚነግዱ ኩባንያዎችን በአብዛኛው የምታስከፍለው በግዛቷ ውስጥ ባላቸው ሽያጭ ልክ ነው። ስለዚህ ዋና መሥሪያ ቤት ማዛወር ብቻውን የኩባንያውን የትርፍ ግብር ከካሊፎርኒያ አያሸሽም። ቴስላማ በ2023 የምህንድስና ዋና ማዕከሉን መልሶ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ከፍቷል።

የሚያሰጋው የሰው መሄድ ነው። የግዛቲቱ ትልቁ ገቢ የግለሰቦች የገቢ ግብር ሲሆን፣ ከፍተኛው ተመን 13.3 በመቶ ነው። ከአክሲዮን ሽያጭ የሚገኘው ትርፍም እንደ ደመወዝ ይታሰባል። አብዛኛውን ሸክም የተሸከሙት ጥቂት ባለጸጎች በመሆናቸው የአክሲዮን ገበያው ሲሞቅ ካዝናው ይሞላል፣ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል። ገዥው ጋቪን ኒውሰም በግንቦት 2022 ወደ 100 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የበጀት ትርፍ አብስረው፣ ዓመት ሳይሞላ ስለ ጉድለት ማውራት ጀምረዋል።

የፌዴራሉ መንግሥት እጅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ2017 መጨረሻ የወጣው ሕግ፣ ለግዛትና ለአካባቢ አስተዳደር የተከፈለ ግብር የፌዴራል ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ሲቀነስ ከ10 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀ። ለግዛቱ 30 ሺህ ዶላር የከፈለና በፌዴራሉ የ35 በመቶ እርከን ላይ ያለ አንድ መሐንዲስ እንውሰድ (ሌሎቹን ዝርዝሮች ለጊዜው እንተዋቸው)። ሙሉው ቢቀነስለት 10,500 ዶላር ይተርፈዋል፤ በጣሪያው ግን 3,500 ብቻ። ካሊፎርኒያ አንድ ሳንቲም ሳትጨምር በ7 ሺህ ዶላር ተወደደችበት ማለት ነው። በ2025 ጣሪያው ወደ 40 ሺህ ከፍ ቢልም፣ ገቢው ከ500 ሺህ ዶላር ያለፈ ሰው እየተቀነሰበት ወደ 10 ሺው ይመለሳል። ካሊፎርኒያ እንዳይሄዱባት የምትሰጋው ደግሞ እነዚህኑ ሰዎች ነው።

ቴክሳስስ? የግለሰብ የገቢ ግብር የለባትም፤ መራጮቿም በ2019 በሕገ መንግሥት አግደውታል። ይሁንና ትምህርት ቤትና መንገድ በነፃ አይሠራም። ገንዘቡ የሚመጣው ከበድ ካለው የንብረት ግብርና እስከ 8.25 በመቶ ከሚደርሰው የሽያጭ ታክስ ነው። ሱቅ ውስጥ መሐንዲሱም የጽዳት ሠራተኛውም በእኩል ተመን ይከፍላሉ፤ ስለዚህ «ቴክሳስ ግብሯ ርካሽ ነው» ሲባል ለማን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ካሊፎርኒያም ብትሆን ሰዎቿን በባዶ አትሸኝም። ሠራተኛው እዚያ እየሠራ ሳለ ላፈራው የኩባንያ አክሲዮን፣ በእጁ የሚገባው ኦስቲን ከሰፈረ በኋላ ቢሆንም፣ ድርሻዋን አስልታ ትጠይቀዋለች።