በጦርነት የወደቁትን በስማቸው ስለ ማሰብ

በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ሰው ወደ ክርስትና ሲገባ በስም ይጠመቃል፤ ከዚህ ዓለም ሲለይም በስም ይሸኛል። ካህኑ ስለ ሟች ሲጸልይ ሀብቱን ወይም ሹመቱን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስመ ክርስትናውን ነው። ስለዚህ በቤታችን ከሚጠበቀው ንብረት ሁሉ ስምን የሚያህል የለም። ይህን ሁላችንም በአንደበታችን እንናገራለን። በሥራ ግን ምን ያህል እንደምንጠብቀው ያስተዋልነው ባለፈው መጋቢት ወር በኮዬ ፈጬ፥ በአንዲት ዘመዳችን ቤት በተደረገ ዝክር ላይ ነው።

እኒህ ዘመዳችን የእናታችን አክስት ሲሆኑ ከመነኰሱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ዕድሜያቸውም ዘጠና ዓመት ሞልቷል። ከልጆቻቸው ጋር ከቀድሞው የአዲስ አበባ ሰፈራቸው ወደ ኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤት ከተዛወሩ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባታቸው በ1928 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ በተነገረ ጊዜ ወደ ሰሜን ዘምተው በዚያው ቀሩ። በመጋቢት 22 ቀን ከተደረገው ከማይጨው ውጊያ በሕይወት ወጥተው ነበር። በኋላ ግን ሠራዊቱ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ሲያፈገፍግ ከአይሮፕላን በተጣለ ቦምብ መሞታቸውን አንድ የዘመቻ ጓደኛቸው መጥቶ ለቤተ ሰቡ ነገረ። አስከሬናቸው አልመጣም፤ መቃብራቸውም አይታወቅም።

በዝክሩ ዕለት ካህኑ መጽሐፋቸውን ገልጠው፥ «እማሆይ፥ የአባትዎ ስመ ክርስትና ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እማሆይ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «አባቴ ሲዘምት እኔ ገና ሰማንያ ቀን ሞልቶኝ ክርስትና አልተነሣሁም ነበር። ስሙን እናቴ ታውቅ ነበር፤ እኔም ሳልጠይቃት ዐረፈች» አሉ። ካህኑም፥ «እንግዲያስ ስሙን አንተ የምታውቀው ባሪያህ ብለን እንጸልያለን» ብለው ጸሎቱን ቀጠሉ።

ከዝክሩ በኋላ እንደ ተነገረን፥ በቤቱ አንድ አሮጌ ሣጥን ነበረ፤ በውስጡም ባዶ ገጾቹ ላይ ስሞች የተጻፉበት ዳዊት ይገኝ ነበር። ወደ አዲሱ ቤት በተዛወሩ ጊዜ ሣጥኑ ቦታ ያጣብባል ተብሎ ከነወረቀቱ ተጣለ። ማንም በክፋት አላደረገውም። ነገር ግን የአንድ ዘማች ስም ከዚያ ሣጥን ጋር ሳይጠፋ አልቀረም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ አንድ አሳብ በልባችን ተመላለሰ። በአሸንጌ ሜዳ በዘማቹ ላይ ቦምቡን የጣለው ሰው ስም ዛሬም በአንድ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይኖር ይሆናል። የገዳዩ ስም የሚገኝ፥ የሟቹ ስም የጠፋ ስለ ምንድር ነው?

የበረራ መዝገብ

አንድ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን በአንድ ሰው አይሠራም። አብራሪ አለው፤ መንገድ የሚመራ፥ የሬዲዮ መልእክት የሚቀበል፥ በመትረየስ የሚተኩስም አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሌንሃይም የተባለው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ሦስት ሰዎች፥ ላንካስተር የተባለው ደግሞ ሰባት ሰዎች ይዞ ይበር ነበር። አይሮፕላኑ በተነሣ ቍጥር የሰዎቹ ስም፥ የተነሡበት ሰዓትና የታዘዙበት ስፍራ በክፍላቸው መዝገብ ይጻፋል። ሳይመለሱ ሲቀሩም አለመመለሳቸው በዚያው ላይ ይመዘገባል።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የወደቁትን የሚፈልጉ ሰዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ መዝገብ ነው። አይሮፕላኑ ወደ ወደቀበት አገር ሄደው ሽማግሌዎችን ይጠይቃሉ፤ በስብርባሪው ላይ የተገኘውን ቍጥር ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራሉ፤ ከእናትና ከሚስት ዘንድ የቀረውን ደብዳቤ ያነባሉ። አብዛኞቹ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሊቃውንት አይደሉም፤ የሟቹ የእኅት ልጅ፥ የመንደር መምህር ወይም ጡረታ የወጣ ወታደር ናቸው።

በዚያ ጦርነት ከእንግሊዝ የቦምብ ጣይ ክፍል የሞቱት ሰዎች ቍጥር 55,573 እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ዐይነት ትጋት ነው። በ2004 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። መቃብራቸው ያልታወቀ ከ20,000 የሚበልጡ የአየር ኃይል ሰዎችም ስማቸው ራኒሚድ በተባለው ስፍራ በድንጋይ ተቀርጿል።

ይህ ነገር ከአገራችን የራቀ እንዳይመስለን። በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪቃ አይሮፕላኖች ከሱዳን፥ ከዓደንና ከኬንያ እየተነሡ በኢትዮጵያ የነበረውን የጠላት ሠራዊት ሲደበድቡ፥ ወጥተው ያልተመለሱ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል መቃብር ያልተገኘላቸው በግብፅ አገር በኤል አላሜን ይታሰባሉ። በዚያ ስማቸው የተጻፈው የአየር ኃይል ሰዎች ከ3,000 ይበልጣሉ፤ በምሥራቅ አፍሪቃና በመካከለኛው ምሥራቅ በየስፍራው የወደቁ ናቸው። በአዲስ አበባም በዚያ ዘመቻ የሞቱ ወታደሮች ያረፉበት መቃብር አለ። የሚጠብቀው በ1909 ዓ.ም. የተቋቋመው የጦር መቃብሮች ኮሚሲዮን ነው። በዚህ ኮሚሲዮን ደንብ የጀነራሉም የተራ ወታደሩም ድንጋይ አንድ ዐይነት ነው። ስሙ ያልታወቀው ሟችም ድንጋይ አይከለከልም፤ እግዚአብሔር እንደሚያውቀው ይጻፍበታል። ካህኑ በኮዬ ፈጬ የተናገሩት ቃል ከዚህ ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል!

የጠላት ስም

እነዚህ የረዱን ናቸው። የወጉንን በስማቸው ማንሣትስ ይገባልን? የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቻችን ቀርቦልናል። መልሱን ከሁለት ታሪኮች እንፈልግ።

በታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ኢጣልያዊ አብራሪና ሊቪዮ ዛኖኒ የተባለ ጓደኛው በደጋሐቡር አካባቢ ከአይሮፕላናቸው ወርደው በወገኖቻችን እጅ ሞቱ። ጀነራል ግራዚያኒ ይህን ሞት ለበቀል ምክንያት አደረገው። ከአራት ቀን በኋላ በታኅሣሥ 20 በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በአይሮፕላን ተደበደበ። ጉናር ሉንድስትረም የተባለ ስዊድናዊ ሞተ፤ ከእርሱም ጋር በድንኳኑ የተኙ ሕሙማን ኢትዮጵያውያን አለቁ። የሉንድስትረም ስም በታሪክ ይነበባል፤ የሕሙማኑ ነገር ግን በአብዛኛው የሚነገረው በቍጥር ነው። ሚኒቲም በኢጣልያ አገር በሬጆ ካላብሪያ ያለው የአይሮፕላን ጣቢያ በስሙ ተሰይሟል።

ሆኖም የሚኒቲ የሞቱ ቀን በትክክል መታወቁ ለእኛ ጠቅሞናል። ጠላት የመርዝ ጋዝ የተጠቀመው ስለ ሚኒቲ በቀል ነው የሚሉ ነበሩ። ነገር ግን በሰሜን ግንባር በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ ጋዙ የወረደው ሚኒቲ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን የሚያኖር ሰው ምክንያቱ ሐሰት መሆኑን ይረዳል።

ሁለተኛው ታሪክ ከአዲስ አበባ በቡራዩና በሆለታ አልፎ ወደ ወለጋ በሚወስደው መንገድ ጫፍ የተፈጸመ ነው። ጠላት በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፥ በስዊድን መኰንኖች ይመራ በነበረው በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የተማሩ ወጣቶችና ሌሎች ምሁራን ወደ ምዕራብ ሄደው ጥቍር አንበሳ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር ሦስት የኢጣልያ አይሮፕላኖች በነቀምት አቅራቢያ በቦናያ ሜዳ ዐረፉ። በሰኔ 19 ቀን፥ በቅዱስ ገብርኤል ዕለት ሌሊት፥ የማኅበሩ አርበኞች ደርሰው አይሮፕላኖቹን አቃጠሉ። ጀነራል ቪንቼንዞ ማልዮኮ፥ ኮሎኔል ማሪዮ ካልዴሪኒ፥ በ1910 ዓ.ም. ወደ ቪየና ከበረሩት አንዱ የነበረው አንቶኒዮ ሎካቴሊ፥ ሌሎችም የአይሮፕላኖቹ ሠራተኞች ሞቱ። ከኢጣልያኖቹ የተረፉት አባ ቦሬሎ የተባሉ ካህን ብቻ ናቸው።

ጥቍር አንበሶች በሕገ ደንባቸው ምርኮኛ እንዳይገደልና ገበሬ እንዳይበደል የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ከመሪዎቻቸው መካከል በላይ ኃይለ አብና ክፍሌ ነሲቡ በኋላ እጃቸውን ሰጥተው ሳለ፥ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በጠላት ተገደሉ። በሲሲሊ ደሴት ያለው የኮሚዞ የአይሮፕላን ጣቢያ ለብዙ ዘመን በማልዮኮ ስም ይጠራ ነበር። በዚያች ሌሊት በቦናያ ከተዋጉት ወጣቶች ግን የስንቱን ስም ልጆቻችን ያውቃሉ?

በቅዱሳት መጻሕፍት እንደምናነበው፥ ንጉሥ ዳዊት ያሳድደው የነበረው ሳኦል በሞተ ጊዜ አለቀሰለት፤ ሳኦልን የቀበሩትንም የኢያቢስ ገለዓድን ሰዎች መረቃቸው። ስለዚህ የጠላትን ሟች በስሙ ማንሣት ኃጢአት አይደለም፤ ሥራውን ማመስገንም አይደለም። የአብራሪው እናት ልጇን ብታስብ አንቀናባትም። የሚያሳፍረን እርሷ ጽፋ እኛ አለመጻፋችን ነው።

አንዱ መዝገብ ለሁለት ይመሰክራል

የአይሮፕላን ሠራተኞችን ስም የያዘ ወረቀት ቦምቡ የወረደበትን ቀንና ስፍራም ይዟል። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ኢጣልያዊ የታሪክ ጸሓፊ በአገሩ መዛግብት ላይ ተመሥርቶ የመርዝ ጋዙን ነገር ለረጅም ዘመን ሲጽፍ፥ ከአገሩ ሰዎች ብዙ ስድብ ተቀብሏል። በመጨረሻ በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን አመነ። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ሌላ ኢጣልያዊም በወታደራዊ መዛግብት ያገኘውን ጽሑፍ ተከትሎ በ1998 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ወደሚገኘው የዘረት ዋሻ ሄደ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመርዝ ጋዝና በጥይት ያለቁትን የአርበኞችንና የቤተ ሰባቸውን አፅም በዚያ አገኘ።

እንግዲህ ቀኑንና ስፍራውን ሌሎች ጽፈውልናል። እነርሱ ሊጽፉልን የማይችሉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የእኛ ሰዎች ስም ነው። ይህ በሮማም በሎንዶንም ቤተ መዛግብት አይገኝም። የሚገኘው በአያት አንደበት፥ በአሮጌ ዳዊት ባዶ ገጽ፥ በተዝካር ድርሳን፥ በእድር ደብተር ነው። እነዚህም በየቀኑ ይጠፋሉ።

ጦቢት በነነዌ ምርኮ ሳለ ከወገኖቹ መካከል ተገድለው የተጣሉትን እያነሣ ይቀብር ነበር፤ ስለዚህም ንብረቱን አጣ። ከእኛ የሚፈለገው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ አንድ ወረቀትና አንድ ብዕር ነው። ስለዚህ የየቤቱ አባትና እናት ይህን እንዲያደርጉ እንለምናለን። በቤተ ሰባችሁ በጦርነት የሞተ ሁሉ፥ በማይጨውም ሆነ ከዚያ በኋላ በመጣው በማናቸውም ጦርነት የወደቀ፥ ስሙን ከነአባቱ ጻፉ። ስመ ክርስትናውን፥ የተጠመቀበትን ደብር፥ የዘመተበትን ዓመት፥ የወደቀበትን ስፍራ አክሉበት። ነጋሪው ማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ነገራችሁም አመልክቱ፤ የተረጋገጠውን ከሚጠረጠረው ለዩ። ጽሑፉን ልጆቻችሁ ይጻፉት፤ በጻፉት መጠን ያስታውሱታልና። አንዱን ቅጂ በቤት፥ አንዱን በደብራችሁ አኑሩ። ቤት ስትለውጡም አሮጌውን ሣጥን ከመጣላችሁ በፊት ገልጣችሁ እዩ።

በእማሆይ ቤት ይህ ተጀምሯል። ከዝክሩ በኋላ በነበረው እሑድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ደብተር ይዛ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። እማሆይ እየነገሩ እርሷ ጻፈች፤ የአባታቸውን ስም፥ የአያታቸውን ስም፥ የተወለዱበትን ቀበሌ፥ የዘመቻውን ዓመት፥ አሸንጌን። ከማን እንደ ሰሙ ስትጠይቃቸው የዘመቻ ጓደኛውን ስም አስታውሰው ነገሯት፤ እርሱንም ጻፈችው። «ስመ ክርስትና» በሚለው ቃል ፊት ያለውን መስመር ግን ባዶ ተወችው። ምናልባት ከተወለዱበት ደብር አንድ የሚያውቅ ሰው ይገኝ እንደ ሆነ በማለት እማሆይ ደብዳቤ እንዲላክ አዝዘዋል፤ መልሱን ይጠባበቃሉ።

በሰማይ ሲበሩ ለወደቁትም፥ በምድር ሳሉ ቦምብ ለወረደባቸውም፥ የሁሉንም ስም የሚያውቅ አምላክ ምሕረቱን ይስጥልን። አሜን።