የበግ ፀጉር ያሠራው ግንብ በዕዳ ተሸጠ

በእንግሊዝ አገር ገጠር በቅጽርና በግንብ የተመሸጉ የጥንት ባላባቶች መኖሪያ ቤቶች ዛሬም ይሸጣሉ፤ ይገዛሉ። ከእነዚህ መካከል ታሪኩ ለገበሬ ቅርብ የሆነው በሽሮፕሽር አውራጃ፣ በዌልስ ድንበር አጠገብ የሚገኘው የስቶክሴ ግንብ ነው። ግንቡን ያሠራው የበግ ፀጉር ንግድ ሲሆን፣ ለሽያጭ ያበቃው ደግሞ የባለርስቱ ዕዳ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግንቡን ያሠራው የሉድሎው ሎሬንስ የተባለ ነጋዴ ነበር። ሎሬንስ ከበግ አርቢዎች ፀጉር እየገዛ ወደ ባሕር ማዶ በመላክ እጅግ የበለጸገ ሰው ሲሆን፣ ለንጉሥ እስከ ማበደር ደርሶ ነበር። ርስቱን እንደያዘ በ1280ዎቹ ሥራውን አስጀመረ፤ በ1291 ከንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ቤቱን ለመመሸግ የሚያስችል ፈቃድ አገኘ። በዚያ ዘመን ማንም ሰው ያለ ንጉሡ ፈቃድ ቤቱን መመሸግ አይገባውም ነበር።

ቤቱ ዙሪያውን በጉድጓድ የተከበበ ሲሆን በሁለት ጫፎቹ ግንቦች ቆመውለታል። በመካከሉ ያለው አዳራሽ በትላልቅ የእንጨት ወራጆች ላይ ያረፈ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ የለበሰ ጣራ አለው። ምድጃው በአዳራሹ መካከል ስለነበረ ጭሱ እንደ ሣር ቤት በጣራው በኩል ይወጣ ነበር። ሆኖም መስኮቶቹ ሰፋፊ በመሆናቸው ምሽጉ ወንበዴን ለመከላከል እንጂ የጦር ሠራዊትን ለመመከት የሚበቃ አልነበረም።

ቀረጡ በአርቢው ላይ ወደቀ

በ1294 ኤድዋርድ 1ኛ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት በገጠመ ጊዜ ገንዘብ አስፈለገው። ታላላቆቹ ነጋዴዎች፣ ሎሬንስ በግንባር ቀደምትነት ያለበት፣ ፀጉሩ ከሚወረስ ይልቅ ወደ ውጭ በሚላክ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ 40 ሽልንግ ቀረጥ እንዲከፈል ተስማሙ። ከዚያ በፊት ይከፈል የነበረው 6 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ስለነበረ፣ አዲሱ ቀረጥ ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው።

ነጋዴዎቹ ግን ከኪሳቸው አልከፈሉም። ለአርቢው የሚሰጡትን ዋጋ ቀንሰው ሸክሙን ወደ በረቱ መለሱት። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሎሬንስ የተሳፈረበት መርከብ በምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ ሰጥሞ ሕይወቱ አለፈ። የዘመኑ የገዳም ታሪክ ጸሐፊም አደጋውን በፀጉር ሻጮች ላይ ለፈጸመው በደል የተከፈለ ቅጣት አድርጎ ጽፎታል።

ከምሽግነት ወደ ጎተራነት

በ1640ዎቹ በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ግንቡ ያለ ውጊያ እጁን ሰጠ፤ የቅጽሩም አብዛኛው ክፍል እንዲፈርስ ተደረገ። ቆይቶም ባለርስቶቹ በሌላ ስፍራ ስለሚኖሩ ቤቱ ከእርሻው ጋር ለገበሬዎች ተከራየ። አዳራሹ የእህል ጎተራ ሆነ፤ ሌላው ክፍል ለእደ ጥበብ ሥራ ዋለ። በ1830 በተነሣ እሳትም የደቡቡ ግንብ ውስጡ ተቃጠለ።

በ1869 ባለርስቱ የክሬቨን ቤተ ሰብ በዕዳ በመያዙ 5,200 ኤከር፣ ማለት 2,100 ሄክታር ያህል መሬት ግንቡ ጭምር በ215,000 ፓውንድ ተሸጠ። መሬቱን ያርሱ የነበሩት ተከራዮች በሽያጩ ውሳኔ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ያደሩት በአንድ ጌታ፣ የነቁት በሌላ ጌታ ሥር ነው። ገዢው ጆን ደርቢ ኦልክሮፍት የተባለ የእጅ ጓንት ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ይህ ሰው ለራሱ መኖሪያ በአቅራቢያው ሌላ ቤት አሠርቶ፣ አሮጌውን ግንብ መልኩን ሳይለውጥ አስጠገነው። በ1992 ግንቡ ለአገሪቱ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ተላልፎ ዛሬ በጎብኚ ይታያል።

በኢትዮጵያ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ እንዲህ ያለው የመሬት ሽያጭ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ከስቶክሴ ታሪክ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። በምርት ላይ ቀረጥ ሲጨመር መጠየቅ ያለበት የቀረጡ መጠን ብቻ ሳይሆን፣ በመጨረሻ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ጭምር ነው። አምራቹ ተደራጅቶ በዋጋው ላይ ካልተነጋገረ ነጋዴው ሸክሙን ወደ እርሱ ያወርዳል። በየአካባቢው ያለ አሮጌ ግንብም ቢሆን የጥንት ጌቶች መታሰቢያ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን የተሸከመውና ወጪውን በላቡ የከፈለው ገበሬ ነውና ጣራው ሳያፈስ በጊዜ ሊጠገን፣ በአጠገቡም እሳት እንዳይነድ ሊጠበቅ ይገባል።